ሰው ሲያጠፋ ሃይማኖቱ ይጠየቃል? ከመክፈቻው እስከ 33ኛው መልስ

ክሩን፣ ማለትም ይህን ውይይት፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ እየበዛ ሲሄድ ከመሐል የገባ ሁሉ የተመለሰውን እንደገና ይጠይቃል። አንዳንዶቻችሁም ጠቅልለሽ ጻፊልን ስላላችሁኝ ማን በስንተኛው መልስ ምን እንዳለ እዚህ አስፍሬዋለሁ። የማንንም ጽሑፍ ቃል በቃል አልገለበጥኩም፤ የፈለገ ወደ ላይ ወጥቶ ያንብበው። ያሳመነኝንና ያላሳመነኝን ግን ሳልናገር አላልፍም።

መክፈቻ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሰፈራችን ውስጥ የሰንበቴ ማኅበር ሙሴ (የማኅበሩ መሪ) የሆኑ አንድ ትልቅ ሰው አሉ። ቅዳሴ አያስታጉሉም፣ ረቡዕና ዓርብን አይሽሩም፣ ለሕንፃ ማሠሪያ ገንዘብ ሲሰበሰብ ስማቸው ከፊት ይጠራል። ግቢያቸው ውስጥ ሰርቪስ ክፍሎች ያከራያሉ፤ በአንዷ ከወለጋ ተፈናቅላ የመጣች የሁለት ልጆች እናት ነበረች። የአንድ ወር ኪራይ ሲያድርባት፣ በኅዳር ውርጭ፣ እሷ ለቀን ሥራ በወጣችበት በሩን በሌላ ቁልፍ ቆለፉባት። ብርድ ልብሱም፣ የከሰል ምድጃውም፣ የልጆቹ ደብተርም ውስጥ ቀረ። ልጆቹ በማግስቱ ትምህርት ቤት የሄዱት ባዶ እጃቸውን ነው። ታናሽ ወንድሜ ሦስቱንም ወደ እኛ ቤት አመጣቸው። እሑድ ሰውየው እንደ ወትሮው ሰንበቴ ቤት ከላይ ተቀመጡ፤ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ፣ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ወንድሜ ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልረገጠም። እኚህን ሰው ዕድሜ ልካቸውን ያላረመ ሃይማኖት እኔንም አያርመኝም ነው የሚለው። ልክ ነው ወይ? ሃይማኖት በተከታዮቹ ሥራ ይመዘናል ወይ? ብዬ ጠየቅሁ።

1ኛ መልስ። የመሐል ሜዳ ዲያቆን ነው፤ ከሰላምታው ጀምሮ ትሕትናው ደስ ይላል። ማቴዎስ 23ን አነሳ። ጌታ ስለ ጻፎችና ፈሪሳውያን ሲናገር በሙሴ ወንበር የተቀመጡትን የሚሏችሁን አድርጉ፣ ሥራቸውን ግን አትከተሉ ማለቱን አስታውሶ፣ ትምህርቱና ሰውየው በራሱ በመጽሐፉ ተለይተው እንደሚታዩ አስረዳ። ሰውየው የበደሉት ያቺን ሴት ብቻ ሳይሆን ያስተማራቸውን ሃይማኖትም ጭምር ስለሆነ፣ ተበዳዩን በዳይ አድርጎ መክሰስ አይገባም የሚል ነው ሐሳቡ።

2ኛው አሜን ብሎ አለፈ።

3ኛ መልስ። የእነዋሪ ሴት ናት። ዲያቆኑን በአክብሮት ተቃወመችው። እዚያው ማቴዎስ ላይ ምዕራፍ 7 ከፍሬያቸው ታውቋቸዋላችሁ እንደሚል ጠቅሳ፣ ዛፍ በፍሬው የሚታወቅ ከሆነ ሃይማኖትም በሰዎቹ ቢታወቅ ምኑ ነው ስህተቱ አለች። እሷ ራሷ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተወልዳ ያደገች፣ እስከ ዛሬም የምትሳለም ናት፤ ጥያቄውን የጠየቀችው ከውስጥ ሆና ነው።

4ኛ መልስ። የሸዋ ሮቢት ማሾ ነጋዴ ነው፣ ሙስሊም። ታሪኩ ከእኔው ጋር መንታ ነው። በገበያቸው አምስት ወቅት የማይዘልሉ፣ ሐጅ ያደረጉ ሰው አሉ። ከገበሬው ማሾ ሲረከቡ ሚዛናቸው ይሰርቃል፤ ገበሬው ቤቱ መዝኖ ያመጣው ኩንታል እሳቸው ዘንድ ሲደርስ ይጎድላል። የነጋዴው ልጅ ይህን እያየ ነው ያደገው፤ አንድ ቀን አባቱን ወንድሜ የጠየቀኝን ጠየቀው። አባት ለልጁ የመለሰለት እንዲህ ነው፤ ቁርኣን ውስጥ 83ኛው ምዕራፍ በሙሉ በሚዛን አጉዳዮች ስም የተሰየመ ነው፣ የሚጀምረውም ለእነሱ ወዮላቸው ብሎ፣ ለራሳቸው ሲሰፍሩ ሞልተው ለሰው ሲሰፍሩ እንደሚያጎድሉ በመናገር ነው። ታዲያ አንድን ነገር ምዕራፍ ሰይሞ ያወገዘ ሃይማኖት በዚያው ነገር እንዴት ይከሰሳል? ይህ መልስ ብዙ ላይክ አግኝቷል፤ ይገባዋልም። እኔን ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ፤ ሐጂው አሁንም ያንኑ ሚዛን ይዘው እዚያው ገበያ አሉ።

5ኛው 3ኛዋን አረመ። የማቴዎስ 7 ቃል የተነገረው የበግ ለምድ ለብሰው ለሚመጡ ሐሰተኞች ነቢያት ነው፣ ስለዚህ መለኪያው ለአስተማሪ እንጂ ለማንኛውም ምእመን አይደለም አለ። እርማቱ ትክክል ነው። ብቻ የማኅበር ሙሴ ከሁለቱ ከየትኛው እንደሚቆጠር አልነገረንም።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም እህቴ፣ ወንድሜ እየተባባለ ነበር የሚነጋገረው።

6ኛ መልስ። ይሄኛው ሰላምታም የለውም። ሃይማኖት ያለው ሁሉ ያው ነው፣ ማስረጃ ከፈለጋችሁ የቆማችሁበትን መሬት ጠይቁ ብሎ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብን አመጣ። ንጉሡ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ነገሡ። ለመስቀልና ለእመቤታችን አንሰግድም ያሉትን ደቂቀ እስጢፋኖስን በድንጋይ አስወገሩ። ከዚያ በኋላ ሰማይ ላይ ብርሃን ሲታይ ሥራችንን እግዚአብሔር ወደደው ብለው እዚሁ ደብረ ብርሃን ላይ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠሩ። ከተማችሁ የተቆረቆረችው በዚህ ነው፣ ሌላ ምን ፍሬ ትፈልጋላችሁ የሚል ነው ነገሩ። አነጋገሩ ሻካራ ቢሆንም የጠቀሰው ታሪክ የታወቀ ነው፤ ልንሸሸው አይገባም።

7ኛው ተቆጣ። ንጉሡ ሊቅ እንደነበሩ፣ አገር ያጸኑ፣ ጥንቆላን ያጠፉ መሆናቸውን ዘርዝሮ 6ኛውን አገር ጠላ አለው። ላነሳው ነገር ግን መልስ አልሰጠም።

8ኛ መልስ። ከክሩ ሁሉ እኔን ቆም ብዬ እንዳስብ ያደረገኝ ይሄ ነው። ጸሐፊዋ ታሪክ የተማረች ትመስላለች። ደቂቀ እስጢፋኖስ እነማን ነበሩ ብላ ጠየቀች። መነኮሳት ነበሩ፤ በጾም፣ በጉልበት ሥራ፣ ገዳም ሠርተው በመጸለይ የኖሩ፣ ለእግዚአብሔር ካልሆነ ለንጉሥም አንሰግድም ብለው ግርፋትንና ስደትን የተቀበሉ የዚያው የአንዱ ቤተ ክርስቲያን ልጆች። እንግዲህ ሃይማኖትን በተከታዮቹ እንመዝን ካልን በየትኞቹ ነው የምንመዝነው? በወጋሪው ወይስ በተወገረው? ሁለቱም አንድ ወንጌል ያነቡ ነበር። 6ኛው ወጋሪውን ብቻ ቆጥሮ ተወጋሪውን ከሒሳቡ ማውጣቱን በጨዋ ቋንቋ ነገረችው።

9ኛው ብርሃኑ የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም፣ እ.ኤ.አ. በ1456 ታይቷል አለ። 10ኛው ስለ ኮከብ ሌላ ክር ክፈቱ አለ።

11ኛ መልስ። ከፍቼ ከተማ የጻፈ ሰው ደብረ ሊባኖስን አነሳ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል የተሰበሰቡት መነኮሳትና ምእመናን ተጭነው ተወስደው ተረሸኑ፤ በዚያው ወር ዲያቆናቱ ወደ ደብረ ብርሃን መጥተው እዚህ አካባቢ ተገደሉ። ሰውየው ይህንን ከጻፈ በኋላ ተኳሾቹ ሙስሊም ወታደሮች እንደነበሩ ጨምሮ፣ ፍሬው ይኸው አለ።

12ኛው የሸዋ ሮቢቱ ነጋዴ ነው። ማንንም አልሰደበም፤ ግን አነጋገሩ መሮታል። ትእዛዙን የሰጠውን ሰው ሃይማኖት ለምን አልጻፍክም ብቻ ነው ያለው። 13ኛው ነጋዴውን ተሳደበ። 16ኛውን አድሚኑ ስላጠፋው ከ15 ወደ 17 ይዘላል።

14ኛ መልስ። ነገሩን ያጠራው እሱ ነው። ያዘዘው የጣሊያኑ ግራዚያኒ፣ ያስፈጸመው ጄኔራል ማሌቲ ነው፤ ሁለቱም ካቶሊክ ከሆነ አገር የመጡ ናቸው። ሙስሊም ወታደሮች ለሥራው የተመረጡት ክርስቲያን አስካሪዎች (ለጣሊያን ያደሩ የቅኝ ግዛት ወታደሮች) መነኮሳትን ለመግደል እጃቸው ይያዛል ተብሎ ስለተሠጋ ነው። ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮም ያስተላለፈው ቁጥር 297 መነኮሳት፣ ቀጥሎም 129 ዲያቆናት ነበር፤ በኋላ የተደረገው ጥናት ግን የሟቾቹን ቁጥር ከ1,400 እስከ 2,000 ያደርሰዋል። ጸሐፊው ከዚህ በኋላ ጠየቀ፤ ይህን ግፍ በእስልምና ስም ልትመዘግቡት ነው፣ በካቶሊክ ስም ወይስ በፋሺዝም? ገዳዮቹ የሃይማኖት ሰዎች መሆናቸው ብቻ ለምን እንደገደሉ አይነግረንም፤ ያንን የሚነግረን ትእዛዙ ነው። 11ኛው ተመልሶ መጥቶ አልተከራከረም።

15ኛው ስለ ቤት ኪራይ ነው። ፋብሪካና ኢንዱስትሪ ፓርክ ከመጣ ወዲህ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንዲት ክፍል ስንት እንደገባች፣ አከራይ ምን ያህል ልቡ እንዳበጠ ጻፈ። ከርዕሱ ወጥቷል ቢባልም እውነቱን ነው።

17ኛ መልስ። ከአንኮበር በታች ያለ አርጎባ ወንድም ነው። በ615 እ.ኤ.አ. ነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮቻቸው መካ ላይ ሲሰቃዩ ወደ ሐበሻ የላኳቸው፣ እዚያ ማንም የማይበደልበት ንጉሥ (ነጃሺ) አለ ብለው መሆኑን አስታወሰ። ነቢዩ የንጉሡን ሃይማኖት መጽሐፍ ገልጠው አልመረመሩም፤ ሥራውን ሰምተው ነው ያመኑት። ስለዚህ ሰውን በሥራው መመዘን በእስልምና ውስጥ ነውር አይደለም አለ። የኢፋት ሰው ክርስቲያን ጎረቤቱን ሲመርጥ እስከ ዛሬ የሚያየው ይህንኑ ነው፤ ሠርግ ሲደግስ ለክርስቲያኑ የተለየ አርዶ፣ በተለየ ድስት አሠርቶ የሚጠራው ሥራውን ስላየለት ነው።

18ኛ መልስ። የዓለም ከተማ መምህር ነው፤ ሁላችንንም በአንድ ጊዜ ያዘን። ነጃሺ ሲነሳ ክርስቲያኑ ደረቱን ነፋ፣ ሃይማኖታችን እንዲህ ያለ ሰው ያወጣል አለ። ዘርዓ ያዕቆብ ሲነሳ ደግሞ ሰውና ሃይማኖት ይለያያል ተባለ። ሙስሊሙም በሐጂው ጊዜ የለየውን በሌላ ጊዜ አያይዞታል። ምስጋናውን ለሃይማኖቱ፣ ወቀሳውን ለሰውየው የምንሰጥ ከሆነ መመዘኛ የለንም ማለት ነው። ወይ ሁለቱንም ለሃይማኖቱ፣ ወይ ሁለቱንም ለሰውየው ስጡ አለ።

እኔ ከዚህ መልስ ወዲህ ሐሳቤ ጠርቷል። መምህሩ ልክ ነው፤ ከሰጠን ሁለት ምርጫ ውጪ ግን ሦስተኛ አለ። አንድ ሰው መበደሉ ስለ ሃይማኖቱ ብዙ አይነግረንም፤ በደል በየትም አለ። የሚነግረን ከበደሉ በኋላ የሃይማኖቱ ሰዎች ያደረጉት ነው። ሐጂው ሚዛን ሲያጎድሉ መስጊዱ ምን አለ? ሙሴያችን እናት ከልጆቿ ጋር ውርጭ ላይ ሲጥሉ ማኅበሩ ምን አለ? ዳቦ ቆርሶ ሰጣቸው። ወንድሜን ከቤተ ክርስቲያን ያወጣው ቁልፉ አይደለም፤ ያ እሑድ ነው።

19ኛው ይህንን ስጽፍ ቀደመኝ። ሃይማኖት የለሽነትስ በተከታዮቹ ይመዘን ወይ ብሎ ደርግን አመጣ፤ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. አቡነ ቴዎፍሎስና ቄስ ጉዲና ቱምሳ በአንድ ሰሞን መገደላቸውን ጠቀሰ። 20ኛው፣ ያው 6ኛው ነው፣ ካድሬዎቹ አብዛኞቹ የተጠመቁ፣ ማተባቸውን ኪሳቸው የከተቱ ነበሩ ብሎ መለሰ። 21ኛው ለሁለቱም እረፉ አላቸው። እኔ 19ኛው ጥሩ ጥያቄ ጠይቋል እላለሁ፤ የማያምን ሰው መመዘኛውን ወደ ራሱም ማዞር አለበት።

22ኛ መልስ። የአጣዬ ልጅ ነው፣ አጭር ጻፈ። በ2013 ከተማቸው ስትነድ ከእነሱ መደዳ የሙስሊም ቤትም የክርስቲያን ቤትም ነዷል፤ የእነሱን ቤተሰብ በመንገድ ውኃና ቆሎ የሰጣቸው ሙስሊም ነው። ሩቅ የተቀመጠ ሰው በስልክ ሲያወራ ግን ሁሉን ነገር የሃይማኖት አደረገው አለ። ማንም አልመለሰለትም፤ ከአክብሮት የተነሳ ይመስለኛል።

23ኛው እናትየዋ ዕቃዋን አገኘች ወይ አለ። ወንድሜ ከቀበሌ ሰው ይዞ ሄዶ አስከፍቶላታል።

24ኛው አትፍረዱ እንዳይፈረድባችሁ አለ። የምፈራው መልስ ይሄ ነበር፤ ሁልጊዜ ክርክር የሚዘጋው በእሱ ነው።

25ኛ መልስ። አልዘጋውም፤ የመሐል ሜዳው ዲያቆን ተመልሶ መጣ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ በውጭ ያሉትን እግዚአብሔር እንደሚፈርድባቸው፣ በውስጥ ባሉት ላይ መፍረድ ግን የእነሱ ሥራ እንደሆነ መጻፉን አመለከተ። ቀጥሎ ማቴዎስ 18ን አነሳ። ወንድምህ ቢበድል ለብቻው ንገረው፤ ባይሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ፤ እነሱንም ባይሰማ ለቤተ ክርስቲያን ንገር። ደረጃው ተጽፎ የተቀመጠ መሆኑን፣ በእኔ ታሪክ ውስጥ ግን አንዱም እንዳልተረገጠ ጠቅሶ፣ በመጀመሪያው መልሱ ያላለውን ዲያቆኑ ራሱ አለ፤ ማኅበሩ ይጠየቃል።

26ኛው ነጋዴው ነው። ነቢዩ ወንድምህን በዳይም ተበዳይም ሆኖ እርዳው ብለው፣ በዳይን እንዴት እንረዳለን ሲባሉ ከበደሉ በመያዝ እንዳሉ ጻፈ። ሐጂውን እስካሁን ማንም በዚህ መንገድ እንዳልረዳቸው አመነ።

27ኛ መልስ። የደብረ ሲና ሰው የራሳቸውን የጽዋ ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ፎቶ አነሳና ለጠፈው። በእስክሪብቶ የተጻፈ፣ ጠርዙ ጠላ የነካው ወረቀት ነው። ጸሎት ከተጀመረ በኋላ ለደረሰ መቀጮ አለው። ሳያስታውቅ ለቀረ ከዚያ የበለጠ መቀጮ አለው። ብርጭቆ የሰበረ ይተካል። ተራው ደርሶ ያልደገሰ ከማኅበሩ ይሰረዛል። ከዚያ በኋላ የአባላት ፊርማ ነው። ሰው ስለበደለ፣ ደሃ ስላባረረ፣ አራጣ ስላበደረ አባል የተጻፈ አንድም መስመር የለም። ሰውየው ምንም አስተያየት አልጨመረበትም።

28ኛው ከዚህ ተነስቶ ደንቡ ውስጥ አንድ አንቀጽ ይግባ አለ፤ ባልንጀራውን በግፍ የበደለ አባል እስኪክስ ድረስ ጽዋ እንዳይነሳ። 29ኛው በጣም ተቃወመ። እንዲህ ያለ አንቀጽ የጠላን ሰው መምቻ ይሆናል፣ ሀብታሙ በገንዘቡ ያመልጥና ድሃው ይቀጣበታል፣ ቄሶቹም ሕንፃ ማሠሪያ የሚሰጣቸውን ሰው አይነኩም አለ። ይህ ቀላል ተቃውሞ አይደለም። ለእኔ ግን መልሱ አንቀጹን መተው አይደለም፤ ክሱ በማቴዎስ 18 ቅደም ተከተል ብቻ እንዲቀርብ፣ ተበዳዩም ቆሞ እንዲናገር ማድረግ ነው።

30ኛው በእኔ ላይ ተነሳ። ክር ከመክፈትሽ በፊት ሰውየውን በፊታቸው ነግረሻቸዋል ወይስ እዚህ ብቻ ነው ድፍረትሽ አለኝ። ነግሬያቸዋለሁ። ጋሼ ብዬ፣ በራቸው ላይ ቆሜ። ቤቱ የእኔ ነው፣ ሃይማኖቴ ሌላ ኪራዬ ሌላ አሉኝ። እዚህ ክር ላይ ሰውና ሃይማኖት ይለያያል ያላችሁ ሁሉ ያንን አባባል ከእሳቸው አፍ ሰምታችሁ ቢሆን ምን እንደምትሉ ማወቅ እፈልጋለሁ። እሳቸውም የሚከላከሉት በዚያው ነው።

31ኛው ወንድምሽ ሌላ ደብር ይሂድ አለ።

32ኛ መልስ። የእነዋሪዋ ሴት ናት። ሰንበቴ የተቀመጡት ሙሴ ተከታይ ከሆኑ ሴትዮዋን ከነልጆቿ ያስጠጋው ልጅም ተከታይ ነበር፤ ያንን ያስተማረው እዚያው ሰንበት ትምህርት ቤት ነው አለች። የ8ኛዋን ወጋሪና ተወጋሪ ጠቅሳ፣ ወንድሜ ራሱን ከሒሳቡ ማውጣቱን ተቃወመች።

33ኛው፣ ይሄም 6ኛው ነው፣ ሰው ለተቸገረ ለማዘን ሰንበት ትምህርት ቤት አያስፈልገውም አለ። ቃናው ከመጀመሪያው በጣም ለዝቧል።

ወንድሜ ሁሉንም አንብቦታል። ለ32ኛዋም ለ33ኛውም አልመለሰም፤ ማኅበሩ አንድ ነገር እስኪል እጠብቃለሁ ብቻ ነው የሚለው። እኔ የምይዘው ዲያቆኑ ያሳየውን ደረጃ ነው። ለብቻ መናገሩ ተደርጓል፤ የሚቀጥለው ሁለት ሰው ይዞ መሄድ ነው። ከማኅበሩ አባላት አንድ ሽማግሌ እሺ ብለውኛል። ሁለተኛ ሰው እፈልጋለሁ፤ የማኅበሩ አባል ሆናችሁ ይህን ያነበባችሁ ካላችሁ እዚሁ መልስ ስጡኝ። የጽዋችሁ ደንብ ስለ በደል የሚናገር መስመር ያለውም ፎቶውን ቢለጥፍልን አንቀጹን ስንጽፍ ይረዳናል።